ወንበር ለመሙላት የገቡ ገምጋሚዎች

እኔ መቼም ተናዳጅ ነኝ፤ አልክድም። እማዬ «አንቺ ልጅ፣ የተጣደ ውሃ እንኳ እንዳንቺ አይንተከተክም» ትለኛለች። ይሁን። የዚህኛውን ጉድ ሰምቶ ያልተናደደ ሰው ካለ ግን ወይ ደሙ ውሃ ነው፣ ወይ እሱ ራሱ ዲን ነው።

ነገሩ የቅየሳ መምህርታችንን ይመለከታል። ተማሪው «እንደገና» የሚል ስም አውጥቶላታል። ከፊቷ «ቲቸር፣ እርስዎ» እንላታለን፤ ዞር ስትል «እንደገና መጣች፣ ተነሱ!» ነው። ስሙም እንዲያው በከንቱ አልወጣም። የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ ስንለካ ውለን፣ ፀሐይ አናታችንን በልቶን፣ ዞረን ዞረን ከተነሳንበት ነጥብ ስንደርስ ሂሳቡ አልገጥም ይላል። ያኔ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ትሰቅልና ወረቀታችንን አየት አድርጋ «እንደገና» ትላለች። አትቆጣም፣ አትሰድብም። «እንዲህ አድርጋችሁ ቦይ ብታስቆፍሩ የዝናቡ ውሃ ቦዩን ትቶ ሰው መኝታ ቤት ይገባል» ትልና የመሣሪያውን ማቆሚያ ራሷ ተሸክማ ከፊት ከፊታችን ትሄዳለች። እኛ ስንደግም እሷም አብራን ትደግማለች። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

እኔ መጀመሪያ ላይ መሣሪያውን ማቆም እንኳ አልችልም ነበር። በመሣሪያው መነጽር ሳይ ቁጥሩ ይደባለቅብኛል፤ ልጆቹም ይስቁብኛል። ሌላ መምህር ቢሆን «በቃ አንቺ ጻፊ፣ ወንዶቹ ያንብቡ» ይለኝ ነበር፤ ደግሞም ብለውኛል። እሷ ግን ከኋላዬ ቆማ «ቀስ በይ፣ ቁጥሩ የትም አይሄድም» እያለች እስካነብ ድረስ ጠበቀችኝ። ዛሬ ከክፍላችን በመሣሪያ እኔን የሚቀድመኝ የለም። ይህንን ስናገር ጉራ አይደለም፤ ማን እንዳስተማረኝ መናገሬ ነው።

በኮሌጃችን ደግሞ ሌላ ሰው አለ፤ «ስላይድ» እንለዋለን። ግድግዳው ላይ የበራውን ያነባል፣ ይወጣል። ጥያቄ ብትጠይቀው «እሱ ወደፊት ይመጣል» ይልሃል፤ ወደፊት ደግሞ መጥቶ አያውቅም። ግምገማ ሲቃረብ ግን ፊቱ ይፈታል። «ይቺን ገጽ ደህና አድርጋችሁ እዩዋት» ይላል፤ ፈተናው ከዚያች ገጽ ይወጣል፤ ልጁም ሁሉ ከአምስት አምስት ይሰጠዋል። እከክልኝ ልከክልህ። በየዓመቱ የምስጋና ወረቀት የሚሸለመው እንግዲህ እሱ ነው።

በዚያ ቀን እኛ ከኮሌጁ ጀርባ ካለው ሜዳ ላይ ነበርን። ሁለት ቀን ዘንቦ መሬቱ ጭቃ ሆኗል። ክፍል ውስጥ የቀሩት «ራሴን አሞኛል» ያሉትና አዲስ ጫማ ያደረጉት፣ ማለትም ሴሚስተሩን ሙሉ ሜዳ ወጥተው የማያውቁት ናቸው። ልክ በዚያ ሰዓት መምህራንን በተማሪ የምታስገመግመው የጥራት ክፍሏ ሴትዮ የግምገማ ቅጿን ታቅፋ ከች አለች። ማስታወቂያ የለ፣ ምን የለ። ደንቡ ሁለት ነገር ይላል፦ መምህሩ ክፍሉ ውስጥ መኖር የለበትም፤ ከክፍሉ ተማሪ ደግሞ ከግማሽ በላይ መገኘት አለበት። መምህርቷ የለችም፤ እሱ ተሟላ። ግማሹስ? ግማሹ ጭቃ ውስጥ ነው። ሴትዮዋ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? እሱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ፤ እኛም ያን ቀን አላወቅንም።

ከሜዳ ስንመለስ «ግምገማው አለቀ» አሉን። «እኛ ሳንኖር?» ብንል «ቁጥሩ ሞልቷል» ተባልን። አጉረምርመን ተውነው። ውጤቱ ሲመጣ ግን ከአምስት ሁለት እንኳ አልሞላም። በኮሌጁ ደንብ ከሁለት ተኩል በታች ያገኘ የኮንትራት መምህር ውሉ አይታደስለትም። እሷ ደግሞ ኮንትራት ናት፤ ይህን ሁሉ ዓመት አስተምራም ኮንትራት ናት።

ይህን የነገረችን ራሷ ናት። እንደ ልማዷ ገብታ፣ እንደ ልማዷ አስተምራ፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል «ከሚቀጥለው ሴሚስተር ሌላ መምህር ይመጣላችኋል» አለች። «ቅሬታ አስገብቻለሁ፤ እስኪወሰን ግን ሥራችንን እንሠራለን። ደብተር አውጡ።» በእሷ ቦታ ማን እንደሚመጣ ታውቃላችሁ? ስላይድ! የሜዳው ሥራም ይቀራል፣ በምስል ይበቃል ተባለ። መሬት በምስል ሲለካ አያችሁ ወይ? ድንቄም ጥራት!

ታዲያ ቅዳሜ እኔና ታናሽ እህቴ ጓሮ ልብስ እናጥባለን። እሷም እዚያው ኮሌጅ የግንባታ ተማሪ ናት፤ የመጨረሻ ዓመቷ ነው። እኔ አንሶላውን እየጨመቅኩ ስለ መምህርቴ እንገበገባለሁ። «የትኛው ከንቱ ነው እንዲህ ዝቅ ያደረጋት? ባገኘው!» እላለሁ። እህቴ ቀና ብላ «ቆይ፣ ከላይ ፎቅ፣ ጥግ ላይ ያለው ክፍል አይደል የእናንተ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ሳቅ አለች፤ ምንም ሳይመስላት ሳቅ አለች!

«እኔም እኮ ገመገምኳት» አለችኝ።

«ማንን?»

«ያቺን መምህርትሽን ነዋ። ክፍሉ እስኪለቀቅልን ኮሪደር ላይ ቆመን ሳለ አንዲት ሴትዮ ወጥታ ‹እናንተ፣ ኑ ግቡ፣ ሁለት ደቂቃ ናት፣ ወንበር ሙሉልኝ› አለችን። ገባን፤ በሩን ዘጋችው፤ ወረቀት አደለችን። ‹የማን ነው?› ስንል ‹ሙሉና ውጡ› አለች። ከፊት የተቀመጡት ልጆች ‹መምህርቷ አስቸጋሪ ናት፣ ዝቅ ዝቅ አድርጉላት› አሉን። እኔ ቀጥሎ ፈተና ነበረብኝ፤ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ በአንድ ዓይኔ እያነበብኩ ከላይ እስከ ታች ምልክት፣ ምልክት፣ ምልክት አደረግኩና ወጣሁ።»

«የት ላይ ምልክት አደረግሽ?»

«በግራ በኩል ያለው ላይ። ግራኝ አይደለሁ? እሱ ለእጄ ቀረበኝ።»

በግራ በኩል ያለው ረድፍ «በጣም ዝቅተኛ» የሚለው ነው። አንሶላው ከእጄ ወደቀ። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ ያላዩትን ሰው መገምገም ግን ይቻላል ለካ! ያቺም ሴትዮ፣ የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ግማሽ ለመሙላት ብላ ከኮሪደር ያገኘችውን ሁሉ ነድታ አስገባች! የአንዲት ሴት እንጀራ ለእህቴ እጅ በቀረበው በኩል ተቆረጠ ማለት ነው። ጮህኩ። ምን ብዬ እንደ ጮህኩ አላስታውስም፤ ጎረቤት በአጥር በኩል ብቅ ብሎ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ። እህቴ መሳቋን ትታ ዓይኗ ፈጠጠ። «እኔ ከሥራ ያስወጣል ብዬ አላሰብኩም» አለች። እውነቷን ነው፤ አላሰበችም፤ የሚያናድደውም እሱ ነው።

ሰኞ እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ዲኑ ቢሮ ገባሁ። ስለ እሱ ሳወራ አንቱ ማለት ነበረብኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አንቱታው ከአፌ አልወጣ አለኝ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ክምር ወረቀት ፊቱን ሸፍኖታል፤ ከበላዩ መነጽሩ ብቻ ይታያል። ሁሉንም ነገርኩት። የስሚንቶ ዋጋ እንደነገርኩት አዳመጠኝና «ማነው የነገረሽ?» አለኝ።

«ከገቡት አንዷ።»

«ስሟን ንገሪኝ። የተሞላ ግምገማ ያለ ማስረጃ አይሰረዝም። ስም ካመጣሽ እናየዋለን።»

አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። እሱ ግን ቀጠለ። «በነገራችን ላይ፣ የራሱ ያልሆነ ክፍል ቅጽ የሞላ ተማሪ እንዳጭበረበረ ነው የሚቆጠረው። የአንድ ዓመት እገዳ ያስቀጣል።»

«ቅጹን የሰጠቻቸውስ? በር የዘጋችባቸውስ?»

«እሷ የሚጠበቅባትን ቁጥር አሟልታለች» አለኝ።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! የተነገራቸውን የሞሉት ልጆች አጭበርባሪ፤ ጠርታ ያስገባቻቸው አሟይ! ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ። የእህቴን ስም ግን አልጠራሁም።

ከዚያ ሜዳ አብረውኝ የዋሉትን ልጆች ሰበሰብኩ። «ሁላችንም ሄደን ‹አልገመገምንም› እንበል፤ ቢያንስ ቁጥሩ ውሸት መሆኑ ይታወቅ» አልኳቸው። አንዱ ጫማውን አየ፤ አንዷ ስልኳን አየች። የክፍላችን ተወካይ፣ ያ ጭቃ ውስጥ ወድቆ መምህርቷ በእጇ ጎትታ ያወጣችው ልጅ፣ «በሚቀጥለው ሴሚስተር የሚያርመን እኮ ስላይድ ነው፤ ተይን እባክሽ» አለኝ። ውለታ ቢስ! ፊት ለፊቱ አልኩት፤ አሁንም እለዋለሁ።

ቤት ስገባ ከእህቴ ጋር ተያዝን። እማዬ የልብስ ስፌት መኪናዋን አቁማ፣ በአፏ መርፌ እንደያዘች፣ አንዴ እኔን አንዴ እሷን ታያለች። መጨረሻ ላይ መርፌዋን ከአፏ አውጥታ «ሰምተሻል? ለባዕድ ብለሽ የእናትሽን ልጅ ዓመት ታስቀጪያት ይሆን? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አለችኝ።

«ዝም ያልኩት ለእሷ ነው እኮ እማዬ! ዝም ስላልኩ መምህርቷ ከሥራ ልትወጣ ነው!»

«እሷ ትልቅ ሴት ናት፤ ሌላ ታገኛለች።»

«እሺ፣ ስፌትሽን አይቶ የማያውቅ ሰው መጥቶ ‹ስፌቷ አይረባም› ብሎ ቢጽፍብሽ፣ ደንበኞችሽ ሁሉ ቢሄዱ ትወጃለሽ?»

እማዬ መኪናዋን አስነሳች። እህቴም እራት ሳትበላ ተኛች። እኔ ደግሞ ማንንም ማየት አስጠልቶኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

ጠዋት ስነሳ እህቴ ከእኔ ቀድማ ለብሳ በር ላይ ቆማለች። «እኔው ራሴ እነግረዋለሁ» አለችኝ። «አንቺ አትናገሪም፤ ግን በዓይንሽ ትገርፊኛለሽ። ደግሞም ልክ ነሽ፤ ደስ አይልም የሠራሁት።» እማዬ ከጓዳ ሰምታለች፤ ወጥታ ግን አላስቆመቻትም። የአንገቷን ኮሌታ አስተካክላላት ተመልሳ ገባች።

አብረን ዲኑ ቢሮ ገባን፤ እሱም ቅሬታ ስለ ቀረበ መምህርቷንም ሴትዮዋንም አስጠራ። መምህርቷ ከሜዳ መጣች፤ ጫማዋ ጭቃ ስለነበር ምንጣፉን እንዳታበላሽ በሩ አጠገብ ቆመች። እህቴ ሳታለቅስ፣ ሳትዋሽ፣ ወንበር ሙሉልኝ መባሏን፣ ግራ እጇን፣ ጉልበቷ ላይ የነበረውን ደብተር፣ ሁሉንም ተናገረች። ኮራሁባት፤ ተናድጄም ቢሆን ኮራሁባት።

የጥራት ክፍሏ ሴትዮ ቀላች። «ከግማሽ በላይ ካልሞላ አይያዝልኝም! ስንት ክፍል አለብኝ መሰላችሁ? ሁሉም ክፍል እንዲሁ ነው የሚሞላው!» አለች። ሁሉም ክፍል! ከአፏ ሲወጣ እሷም ደነገጠች። ዲኑ ግን እንዳልሰማ ሆኖ የሂሳብ ማሽኑን ሳበ። እህቴ ‹ይኼ የእኔ ነው› ያለችውን ወረቀት ከክምሩ አወጣ፤ ደመረ፣ አካፈለ።

«የእሷን ብናወጣው እንኳ ትንሽ ከፍ ይላል እንጂ ሁለት ተኩል አይገባም» አለ። «ስለዚህ ለውጥ የለውም። ልጅቷ ግን አምናለች፤ ጉዳይዋ ለዲሲፕሊን ይቀርባል።»

«የሌሎቹንም ፊት አውቃለሁ» አለች እህቴ።

«ጥሩ፤ ስማቸውን ጻፊልኝ። እነሱም ይታገዳሉ።»

እህቴ የአንዳቸውንም ስም አልጻፈችም። እኔ ግን ዝም አልኩ ብል ውሸት ነው። «ያጭበረበረው ቢሮው ነው! ቁጥሩ ከኮሪደር የተለቀመ መሆኑን ራሷ ተናግራ የለም እንዴ? ምን አለበት እኛን፣ የተማርነውን፣ ብትጠይቁን?» አልኩ። ዲኑ «ውጪ ጠብቂ» አለኝ፤ አልወጣሁም። ከዚያ ወደ መምህርቷ ዞሮ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ በሕይወቴ የሰማሁትን እጅግ አስቀያሚ ነገር ተናገረ።

«ይህ ሁሉ የመጣው በእርስዎ ቅሬታ ነው። ቅሬታው ከተነሳ የሚጣራ ነገር አይኖርም፤ የሚጣራ ከሌለ ደግሞ የሚቀጣ የለም። ምርጫው የእርስዎ ነው።»

መምህርቷ ከበሩ አጠገብ እንደቆመች እህቴን ተመለከተቻት። «ስንተኛ ዓመት ነሽ?» አለቻት። «የመጨረሻ» አለች እህቴ። መምህርቷ በጭቃ ጫማዋ ምንጣፉን ረግጣ ጠረጴዛው ጋ ሄደች፤ እስክሪብቶ ለመነች።

«ቲቸር፣ እንዳይፈርሙ!» ብዬ ጮህኩ። ‹ቅሬታዬን አንስቻለሁ› ብላ ፈረመች። ዲኑ ወረቀቱን ወስዶ ክምሩ ላይ ጣለው፤ ሴትዮዋም ሰላም እንደተሰጣት ሁሉ ትንፋሿን ለቀቀች። ሁለቱም «እናመሰግናለን» እንኳ አላሉም።

ውጪ ደረጃው ላይ ተከትዬ ደረስኩባት። መምህሬ መሆኗን ረሳሁ። «ለምንድን ነው የፈረሙት? ማን ይፈርሙ አለዎት? አሸነፉ እኮ!» አልኳት።

«አዎ፣ አሸነፉ» አለች። «ምን ላድርግ? ልጅ አሳግጄ ተመልሼ ክፍል ልግባ? ያልተናደድኩ እንዳይመስልሽ። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ በደሉኝ። አንጀቴ አርሯል።» እንዲህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር።

እህቴ ከኋላችን መጥታ ሁለት ደረጃ ራቅ ብላ ቆመች። «ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

መምህርቷ ዞር አለች። «የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ይል እንደነበር ታስታውሻለሽ?»

«አላነበብኩትም።»

«‹የመምህሩ ድምፅ ለተማሪው በግልጽ ይሰማል ወይ?› ነው የሚለው። ለዚያም ‹በጣም ዝቅተኛ› ነው የሰጠሽኝ። አሁን ይሰማሻል?»

«ይሰማኛል» አለች እህቴ፤ እንባዋ ወረደ።

«ጥሩ። አንዱን መለስሽ። ሌሎቹን ለመመለስ አንድ ሴሚስተር አብረሽኝ መዋል ነበረብሽ» አለች። በተቆጣ ድምፅ አልነበረም፤ ቢሆን ይሻል ነበር። «በይ ክፍልሽ ግቢ፣ አርፍደሻል።» ልጆቹ መሣሪያውን ሜዳ ላይ ትተው እንዳይሄዱ ብላ ወደዚያው ወረደች።

እህቴ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ላባብላት አልፈለግኩም፤ አሁንም ተናድጄባት ነበር። አጠገቧ ግን ተቀመጥኩ።